ናካሴሮ ላይ ሠራተኛ ሲታመም ማን ይከፍላል?

ናካሴሮ ሱቅ ከፍተን ሠራተኛ ስንቀጥር ብዙዎቻችን ርካሹን ኢንሹራንስ እንገዛለን፤ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ አስገብተን «የሕጉን ጨርሰናል» እንላለን። ልጅቷ ታይፎይድ ይዟት ስትተኛ ግን ያ ወረቀት አንድ ሺሊንግ አይከፍልም። ለምን እንደሆነ የሚገባን ሕጎቹ እንዴት እንደመጡ ስናይ ነው።

በኡጋንዳ አሠሪው እንዲገባ የሚገደደው መድን ለሥራ ላይ ጉዳት እንጂ ለተራ ሕመም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የሠራተኞች ካሳ ሕግ፣ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ከተጎዳ የሚያሳክመው አሠሪው ነው ይላል። ከሞተም ለቤተሰቡ የ60 ወር ደመወዝ ይከፈላል። ለዚህ ዕዳ ነው መድን ግዴታ የሆነው። ከማላባ የመጣ ጭነት ሲያወርድ የወደቀ ልጅ ይሸፈናል፤ ያው ልጅ በማግሥቱ በወባ ቢተኛ አይሸፈንም። ለማኅበራዊ ዋስትና ፈንድ ከደመወዙ 5 በመቶ ቆርጠን፣ 10 በመቶ ጨምረን የምናስገባውም የጡረታ ቁጠባ እንጂ የሕክምና ገንዘብ አይደለም።

ለተራው ሕመም መንግሥት በ2001 ሌላ መንገድ መረጠ። ልክ በምርጫው ወር፣ በመጋቢት፣ በመንግሥት ጤና ተቋማት የሚከፈለው ገንዘብ ተነሣ። ታካሚው ጎረፈ፤ መድኃኒቱ ግን በዚያው ልክ አልመጣም። ዛሬም በነፃ ታይቶ መድኃኒቱን ከውጭ የሚገዛው ብዙ ነው፤ የመግዣውን ብር የሚጠየቀው ደግሞ፣ እናውቀዋለን፣ ባለሱቁ ነው።

የ2006ቱ የሥራ ሕግ ቢያንስ አንድ ወር የሠራ ሰው ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ ሰጠው። ሁለተኛው ወር አልቆ ካልዳነ አሠሪው ሊያሰናብተው ይችላል። የአገር ቤቱ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከዚህ ይሻላል፦ አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ሁለት ወር በግማሽ፣ ሦስት ወር ደግሞ ያለ ክፍያ። ሁለቱም ስለ ደመወዙ እንጂ ስለ ሐኪሙ ሂሳብ መድን አላቆሙም።

ያንን ሊሞላ የተዘጋጀው የኡጋንዳ ብሔራዊ የጤና መድን ረቂቅ በመጋቢት 2021 ፓርላማውን አለፈ፤ ፕሬዚዳንቱ ግን ሳይፈርሙበት ቀረ። በዚህ ጎረቤቶቻችንን ማማት አይገባንም። አገር ቤትም በ2002 ዓ.ም. ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ የሚያዋጡበት የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ወጥቶ ዓመታት ሲጠብቅ አይተናል።

ሕግ ሳይጠብቁ የጀመሩ ግን አሉ። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ተራራማ አገር «እንጎዚ» የሚባሉ ማኅበሮች ነበሩ፤ በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክመው ሐኪም ቤት የሚያደርሱ። የኪሲዚ ሆስፒታል በ1996 የጤና መድን ሲያቋቁም ሰዎችን የመዘገበው በእነዚሁ ማኅበሮች ነው። ጤነኛውም በሽተኛውም አንድ ላይ ስለሚገባ መዋጮው ለገበሬ የሚቻል ሆነ። አሠራሩ ከእድራችን ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ የእኛ መዋጮ የሚከፈለው ሰው ከሞተ በኋላ ለቀብሩና ለቤተሰቡ መሆኑ ነው።

ሦስት ሠራተኛ ያለው ሱቅ ብቻውን ሄዶ የጤና መድን ዋጋ ሲጠይቅና የአንድ መንገድ ሱቆች ተሰብስበው ሲጠይቁ የሚሰጣቸው መልስ አንድ አይደለም። ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያለበትም ብዙ አይደለም፦ ተመላላሽ ሕክምና አለው ወይስ ለተኛ ብቻ ነው? ወሊድስ? በዓመት ጣሪያው ስንት ነው? የትኛው ክሊኒክ ይቀበለዋል?