ቀላድን የፈራ ርስት

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ክልሎችና ከተሞች ከቦታ ይዞታ፣ ከቤትና ከሕንፃ ገቢ እንዲሰበስቡ መንገድ ሲከፍት፣ ከብዙ ሰው አፍ የወጣው ጥያቄ «ስንት ሊያስከፍሉን ነው?» የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሀገራችን የመሬት ግብር ታሪክ ግን ግብሩን ያሰናከለው ከምጣኔው ይበልጥ ልኬታው እንደነበር ያሳያል። መሬት የሚለካ መንግሥት ከግብሩ መጠን ጋር የመሬቱንም ባለቤት ይወስናልና።

ከጣሊያን ወረራ በፊት የገባሩ ማር፣ እህልና ጉልበት በአብዛኛው የሚያልቀው በባለጉልቱና በወታደሩ ቤት ነበር፤ ለማዕከላዊው ግምጃ ቤት የሚተርፈው ጥቂት ነው። በ1934 የወጣው ሕግ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ ግብሩን በገንዘብ ተመነ። በኅዳር 1937 የታወጀው ደግሞ ከምርቱ አንድ አሥረኛ የሆነውን አስራትም ወደ ገንዘብ ለውጦ ደመረበት፤ በድምሩ ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 50 ብር፣ ለለም ጠፍ 40፣ ለጠፍ 15 ሆነ። ጋሻ 40 ሄክታር ያህል መሆኑን ላሰበ ይህ ለባለመሬቱ ከባድ ሸክም አልነበረም። ክብደቱ የሚታወቀው ወደ ጢሰኛው ሲወርድ ነው፤ ሕጉ በባለመሬቱ ላይ የጣለውን አስራት በተግባር ይከፍል የነበረው አራሹ ነበርና። በርስተ ጉልት መሬት ደግሞ ግብሩን የሚሰበስበው ባለጉልቱ ሲሆን ለመንግሥት የሚያስገባው ከፊሉን ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያን መሬት ግብርም ለቤተ ክርስቲያን ይውል ነበር። ገበሬው ሙሉውን ከፍሎ መንግሥት ቁራጩን ያገኛል። ርስተ ጉልት በሕግ እስኪሻር እስከ 1958 መጠበቅ ግድ ሆነ፤ ገንዘብ አጥሮኛል ለሚል መንግሥት ረጅም ትዕግሥት ነው።

ጎጃም፣ ቤጌምድርና ትግራይ ከዚህ ምጣኔ ውጭ ሆነው ከወረራው በፊት በነበረው ልማድ እንዲከፍሉ ተፈቅዶላቸው ነበር። የጎጃም ገበሬ ግብር መክፈልን በራሱ ይጠላ ነበር ማለት አይቻልም። በአቅኚው አባት ስም ለሚመጣው ግብር ድርሻውን ማዋጣቱ ርስተኛነቱን ያስመሰክርለት ነበር። የሚፈራው ቀላድን፣ የመሬት መለኪያውን ገመድ ነው። ርስት በትውልድ የሚቆጠር የዘመድ ድርሻ በመሆኑ፣ መሬቱ ተለክቶ በአንድ ሰው ስም ሲጻፍ የሌላው ዘመድ ጠይቆ የመካፈል መብት ያከትማል። በደቡብ የሆነውም ለፍርሃቱ በቂ ምክንያት ነበር። እዚያ ቀላድ ሲጣል ከመሬቱ ሲሶው ያህል ለባላባቱ ሲቀር ሌላው ለመንግሥት፣ ለወታደርና ለካህናት ተደለደለ፤ ነባሩ አራሽ በአያቶቹ መሬት ላይ ጢሰኛ ሆነ።

በኅዳር 1960 አስራቱን የሚተካ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲታወጅ ይህ ፍርሃት ፈነዳ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሕጉ ከቀደሙት የተሻለ ነበር፤ ብዙ ያመረተ ብዙ፣ ጥቂት ያመረተ ጥቂት ይክፈል ይላል። ገቢውን ለማወቅ ግን ገማች እማሳው ድረስ መምጣት አለበት። ገበሬው ይህን ስሙን የቀየረ ቀላድ አድርጎ ወሰደው። ገማቾቹን አባረረ፤ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ጠመንጃ ተነሣ፤ መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም አዘመተ።

ጥፋቱ የጎጃም አገረ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ጸሐዩ እንቁሥላሴ ነው የሚል ክርክር አለ። በእርሳቸው አስተዳደር የተማረረው ሕዝብ ብዙ እንደነበር አይካድም። ይሁን እንጂ የመሬት ግብር ሕጎችን መቃወም በጎጃም የተጀመረው ከእርሳቸው ሹመት በፊት፣ ገና በ1930ዎቹ ነው፤ እርሳቸው ከተነሡ በኋላም ግብሩ አልተከፈለም። ደቡብ ተለክቶ ከፍሎ የለም ወይ የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። በርግጥ ከፍሏል፤ ያስከፈለው ግን የነፍጠኛው ጉልበት ነበር። ባሌም በ1955 በተቀሰቀሰው አመፁ ከመሬት መነጠቅ ጋር ግብሩንም ከብሶቶቹ ቆጥሮታል። ያም ሆኖ አብዛኛው ሕዝብ ገበሬ በሆነበት ሀገር የመንግሥትን በጀት የተሸከመው ከመሬት ግብር ይልቅ ጉምሩክና ሌላው ቀጥተኛ ያልሆነ ታክስ ነበር። በኬላ የሚያልፍን ቡና ለመቅረጥ የማንንም ርስት መለካት አያስፈልግም።

በ1961 ንጉሠ ነገሥቱ ከ1942 ጀምሮ በጎጃም የተወዘፈውን ግብር ማሩ። የእርሻ ሥራ ገቢ ግብሩም በዚያ ጠቅላይ ግዛት ሳይሠራበት ቀረ።