ከነጠላው ወደ ጥምሩ፤ ፀረ እንግዳ አካላት በኤች አይ ቪ ሕክምና ታሪክ

በሽታን ከተቋቋመ አካል የተገኘን መከላከያ ለሌላው ሰጥቶ የማዳን ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1890 ኤሚል ፎን ቤሪንግና ጃፓናዊው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ በርሊን ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍንና የዘጊ አናዳን መርዝ የሚያከሽፍ ሴረም ከእንስሳት ደም ማግኘት እንደሚቻል አስረዱ። ያ ሴረም ግን የብዙ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካላት ድብልቅ ነበር። አንዱን ዓይነት ብቻ ለይቶ በብዛት ማምረት የተቻለው በ1975 ጆርጅ ኮህለርና ሴሳር ሚልስታይን ኬምብሪጅ ላይ ዘዴውን ካገኙ በኋላ ነው።

በ1983 ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ኢንስቲትዩት ኤች አይ ቪ ተለይቶ ሲታወቅ እንግዲህ መሣሪያው በእጅ ነበር። ይሁንና ለረጅም ዘመን አልሠራም። ምክንያቱም የቫይረሱን የዘር መልእክት የሚገለብጠው ኤንዛይም ስሕተቱን የማረም ችሎታ የለውም። መልእክቱ ወደ 10,000 የሚጠጉ ፊደላት አሉት። ሕክምና ባልጀመረ ሰው ሰውነት ውስጥ ደግሞ በየቀኑ 10 ቢሊዮን ያህል አዳዲስ ቫይረሶች እንደሚፈጠሩ በ1996 ተሰልቷል። ሒሳቡን ለሚያውቅ ሰው ውጤቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ የሚይዝ መድኃኒት ቢሰጥ፣ ያን ቦታ የለወጠ ቫይረስ አስቀድሞ ተፈጥሮ ይጠብቀዋል። በ1987 ብቻውን መሰጠት የጀመረው ኤዜድቲ የተባለው መድኃኒት በዚሁ ምክንያት ሲዳከም፣ በ1996 ሦስት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት የብዙዎችን ሕይወት ታደገ።

የፀረ እንግዳ አካላቱ መንገድ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በ2005 ሦስት ዓይነት በአንድነት ተሞከሩ፤ ሆኖም ቫይረሱን በእርግጥ ያስጨነቀው በዋነኛነት አንዱ ስለ ነበር፣ ጥምረቱ በቁጥር ሦስት፣ በሥራ ግን አንድ ሆኖ ቀረ።

መሐንዲስ ለሆነ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሁለት ፓምፖች ተተክለው ሁለቱም ከአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ቢቀጠሉ፣ መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ ሁለቱም ይቆማሉ። መጠባበቂያ መጠባበቂያ የሚሆነው የአንዱ ብልሽት ሌላውን የማይነካ ሲሆን ነው።

ከ2009 ጀምሮ እጅግ ብዙ የቫይረስ ዓይነቶችን የሚያከሽፉ ፀረ እንግዳ አካላት ከሕመምተኞች ደም ተለይተው መውጣት ጀመሩ። ከነዚህም መካከል 3ቢኤንሲ117 ቫይረሱ ከሴል ጋር የሚጣበቅበትን ቦታ ይይዛል፤ 10-1074 ግን በዚያው እሾህ መሰል ፕሮቲን ላይ በስኳር የተሸፈነ ሌላ ቦታ ይይዛል። በ2012 በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ ቫይረሱ ነጠላውን ሲያመልጥ፣ የአምስቱ ድብልቅ በደም ውስጥ እስካለ ድረስ ገትቶ ያዘው።

በ2018 የታተመው የሰዎች ሙከራ ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ ይመስለኛል። በየቀኑ የሚውጡትን ኪኒን ያቋረጡ ሕመምተኞች ሁለቱን ፀረ እንግዳ አካላት በስድስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ በደም ሥር ተሰጡ። ኪኒን ሲቋረጥ ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይመለሳል። ለሁለቱም የሚበገር ቫይረስ በነበራቸው ዘጠኝ ሰዎች ላይ ግን የመካከለኛው ቆይታ 21 ሳምንት ሆነ። ከዘጠኙ አንዱም ሁለቱን አብሮ የሚቋቋም ቫይረስ አላፈራም። ቀድሞውኑ ከሁለቱ አንዱን የሚቋቋም ቫይረስ በነበራቸው ሰዎች ላይ በሽታው ፈጥኖ ተመለሰ፤ ለእነርሱ ጥምሩ ከነጠላ አይሻልምና። ሌላም ነገር ታየ። 3ቢኤንሲ117 ከደም ቀድሞ ስለሚጠፋ 10-1074 በመጨረሻ ብቻውን ይቀራል፤ ቫይረሱም ሲመለስ ያመለጠው ይህንኑ ብቻውን የቀረውን ነው። ስለዚህ ዕድሜያቸውን ማመጣጠንም የጥምረቱ ሥራ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ በደም ውስጥ ለወራት እንዲቆዩ ተደርገው የተሻሻሉ ዓይነቶች ተሠርተዋል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲሰጡም በሙከራ ላይ ናቸው።

የነጠላው ድካም በመከላከል በኩልም ታይቷል። ከ4,600 በላይ ሰዎች የተካፈሉበትና በ2021 ውጤቱ የታወቀው ሙከራ ቪአርሲ01 ብቻውን ኢንፌክሽንን በአጠቃላይ እንዳልቀነሰ፣ ለእርሱ በሚበገሩት ቫይረሶች ላይ ግን 75 በመቶ ያህል እንደ ተከላከለ አሳይቷል። ለእኛ አገር የሚነሣው ጥያቄም ይኸው ነው፤ በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኘው ንዑስ ዓይነት ሲ ለየትኛው ጥምረት እንደሚበገር መለካት አለበት። በዚህ ንዑስ ዓይነት ላይ ኃይለኛ ከሆኑት አንዱ ከአንዲት ደቡብ አፍሪካዊት ሴት ደም የተገኘ ነው።