ከላኤ ነፋስ፤ በሞተረኛ ጃኬት ሥር ስለሚለበስ ስስ ልብስ

ከባሕር ማዶ ተሠርተው በሚመጡ የሞተረኛ አልባሳት መካከል፣ አንዱ ፋብሪካ ‹ዊንድስቶፐር›፣ ሌላው ‹ዊንድፕሩፍ›፣ ሦስተኛው ደግሞ ‹ዊንድብሬከር› እያለ የሚጠራው አንድ ስስ ልብስ አለ፤ ወደ አገራችን ሲገባ ባዕድ ስሙን እንደ ተሸከመ ስለ ቀረ፣ ሻጩም ገዢውም ግብሩን ሳይለዩ አንዳንዶች ከዝናብ ልብስ፣ አንዳንዶችም ከሹራብ ይቆጥሩታል። ከሁለቱም አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ‹ከላኤ ነፋስ› ብለን የምንጠራው ይህ ልብስ፣ ራሱ የሚያሞቅ ሳይሆን ሌላው ልብስ ያከማቸውን ሙቀት ነፋስ እንዳይዘርፈው የሚጠብቅ፣ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ግራም ያህል የሆነ፣ ሲታጠፍ ከኪስ የሚገባ፣ ከሹራብ በላይና ከሞተረኛው ጃኬት በታች የሚለበስ ነው። በጃኬት ላይ ሳይሆን በጃኬት ሥር መደረቡም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስስ ጨርቅ በአፍኣ ከዋለ የመንገዱ ነፋስ እየነፋ ያርገበግበዋል፣ ሞተረኛው ቢወድቅም አስፋልቱ በአንድ አፍታ ይበጣጥሰዋል፤ ወፍራሙ ጃኬት ግን ከላይ ሆኖ ሲጫነው ጸጥ ብሎ ሥራውን ይሠራል።

የዚህን ልብስ ጥቅም ለመረዳት፣ ጎሕ ሲቀድ ከአማኑኤል ከተማ ተነሥቶ በሞተር ወደ ሞጣ የሚሄደውን ሰው በሐሳብ መከተል ይበቃል። ይህ መንገደኛ በደብረ ማርቆስና በሉማሜ በኩል ደጀን ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ታጥፎ ቢቸናንና ደብረ ወርቅን ያልፋል፤ የጮቄን ተራራ እኩሌታ ስለሚዞረውም፣ ተራራው ከመነሻው እስከ መድረሻው ድረስ ከግራው አይለይም። ጮቄ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትርን የሚያልፍ፣ አናቱ የውርጭ አገር የሆነ ተራራ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከዚያ ወደ ሜዳው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር፣ ሣሩን አመዳይ አልብሶት ያድራል። አባቶች ‹በጥቅምት አንድ አጥንት› ያሉት በቤቱ ተቀምጦ እሳት ለሚሞቅ ሰው ሲሆን፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳ ነፋሱን በገዛ እጁ ለሚፈጥረው ሞተረኛ ግን የአንድ አጥንት መረቅ የሚደርስለት አይመስለኝም።

ሊቃውንት ከአራቱ ባሕርያት አንዱ አድርገው የሚቆጥሩት ነፋስ፣ ከሰው ገላ ሙቀትን የሚወስድበት መንገድ ቀላል ነው። የሰው ሥጋ በዙሪያው ያለውን ጥቂት አየር ያሞቃል፤ ያ የሞቀ አየርም ባለበት እስከ ቆየ ድረስ ለሥጋ እንደ ሁለተኛ ልብስ ይሆንለታል፤ ነፋስ በመጣ ጊዜ ግን ይገፈፍና በቦታው ቀዝቃዛው ይተካል፤ ሥጋም ያንን ደግሞ ለማሞቅ እንደ ገና ይደክማል። ፖል ሳይፕልና ቻርልስ ፓሰል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በአንታርክቲካ በረዶ ላይ ከርመው፣ በትንሽ ዕቃ የተሞላ ውኃ በልዩ ልዩ ነፋስ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚረጋ ለክተው ውጤቱን በ1945 እ.ኤ.አ. አሳተሙ፤ ኋላም አሜሪካና ካናዳ ስሌቱን አሻሽለው ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲሱ ይሠሩበታል። በዚህ ስሌት የአየሩ ሙቀት 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ለተገለጠ ፊት የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ነው። ስሌቱ የተዘጋጀው ለተገለጠ ፊት እንጂ ለለበሰ ደረት አይደለም፤ ነገር ግን ነፋስ የሚያሳልፍ ልብስ የለበሰ ደረት ከተገለጠው ፊት ያለው ርቀት ሰው እንደሚገምተው ሩቅ አይደለም።

ብዙ ሞተረኞች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ብርዱ ሲጠና ሹራብ በሹራብ ላይ ይደርባሉ፣ እንደ በርሜል እስኪያብጡ ድረስ ይለብሳሉ፣ ከዚያም መሪውን እንደ ልብ ማዞር ሲሳናቸው ቅዝቃዜው ግን እንዳለ ሆኖ ያገኙታል። ሙቀት መያዝና ነፋስ መከልከል ሁለት ልዩ ልዩ አገልግሎቶች ናቸውና፣ የመጀመሪያውን በዐሥር እጥፍ ማብዛት ሁለተኛውን አይተካም። ጋቢያችን ለዚህ ምስክር ነው፤ አራት እጅ ሆኖ ከላላ ጥጥ ስለሚሠራ በየድሩ መካከል ብዙ አየር ይይዛል፤ በቤትና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተወዳዳሪ የለውም፤ ነገር ግን በሜዳ ነፋስ ሲያገኘው ብርዱ ዘልቆ ይገባል። ከተጠቀጠቀ የበግ ጠጉር የሚሠራው በርኖስ ከጋቢ ይልቅ ነፋስን ይቋቋማል፤ ከሁሉም ይልቅ ግን ሁለቱን አገልግሎት በአንድነት አሟልቶ የተገኘው፣ ቢቸና አጠገብ በዲማ ጊዮርጊስና በሌሎቹ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ለብሶት የኖረው ደበሎ ነው። የበጉ ቆዳ ነፋሱን ይመልሳል፣ ጠጉሩም የገላን ሙቀት ይይዛል። እንግዲህ በዛሬው ልብስ ቆዳውን ከጠጉሩ ለይተው፣ ጠጉሩን በሹራብ፣ ቆዳውን በስስ ከላኤ ነፋስ ተኩት ማለት ነው፤ ያተረፉትም ክብደቱን መቀነስና ሁለቱን ለየብቻ ማውለቅ መቻልን ነው።

ድሀ ብልሃት አያጣምና፣ ይህን ልብስ ያላገኘ ሞተረኛ ጋዜጣ ወይም ፌስታል በደረቱ ላይ ከጃኬቱ ሥር አድርጎ ይነዳል። ሊናቅ አይገባውም፤ በፈረንሳይ አገር በሚደረገው ታላቅ የብስክሌት ውድድር ከተራራ የሚወርዱ እሽቅድድመኞች ከመንገድ ዳር ጋዜጣ ተቀብለው በደረታቸው ሲሸጉጡ ኖረዋል። የፌስታል ጉዳቱ ግን ላብን ጭምር መከልከሉ ነው። ከገላ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ወደ ውኃነት ተለውጦ ሹራቡን ያረጥበዋል፤ ጭቃ የያዘውን ሞተር እየገፋ ዳገት የወጣ ሰው፣ ከዳገቱ በኋላ በዚያው እርጥብ ልብስ መንዳት ሲጀምር፣ ከነፋሱ የዳነውን ሙቀት በላቡ ያጣዋል። ስለዚህ እውነተኛው ከላኤ ነፋስ ነፋስን ሲከለክል እንፋሎትን ግን የሚያሰናብት መሆን አለበት።

ይህ የሚፈጸመው በሁለት ዐይነት አሠራር ነው። አንደኛው ቀጭን ናይለን ወይም ፖሊስተር ወይም ጥጥ እጅግ አጥብቆ መሸመን ነው፤ እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአውሮፕላን ነጂዎቻቸው ልብስ ያዘጋጁት ‹ቬንታይል› የተባለ የጥጥ ጨርቅ በዚህ መንገድ የተሠራ ነበር። ሁለተኛው በሁለት ጨርቅ መካከል በዐይን የማይታዩ እልፍ ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ሽፋን ማጣበቅ ሲሆን፣ መነሻው አሜሪካዊው ቦብ ጎር በ1969 እ.ኤ.አ. ቴፍሎን የሚባለውን ነገር በኃይል ሲስበው ተለጥጦ ቀዳዳማ እንደሚሆን ማግኘቱ ነው። ሁለተኛው ነፋስን ፈጽሞ ይዘጋል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ፣ ጠባዩም ጠንከር ያለ ነው። ለእኛ መንገድ የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው፤ ጥቂት ነፋስ ቢያሳልፍም በላዩ ጃኬት አለና አይጎዳም፤ እንፋሎትን ግን በደንብ ያስወጣል፣ ሲጨማደድም ቦታ አይፈጅም። የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም፤ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው በአንድ ጉዞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ከደጋ ቁር ወደ ቆላ ሐሩር ስለሚገባ፣ ልብሱን አውልቆ ከኪሱ የሚከትበት ጊዜ ሩቅ አይደለምና።

ወደ ስሙ ስንመለስ፣ በመሥሪያ ቤቶች ልማድ ‹ፀረ ነፋስ› ማለት የሚቀና ይመስላል፤ ነገር ግን ፀር ጠላት ነው፤ ፀረ ተባይ ተባይን ይገድላል፣ ይህ ልብስ ግን ነፋስን ከደጅ ይመልሰዋል እንጂ አይገድለውም። ‹የነፋስ መከላከያ› የሚለውም ባልከፋ፣ ነገር ግን በሞተሩ ፊት ከሚቆመው መስታወት ጋር ይምታታል። ጋራዥ ያሉ ሰዎቻችን ከጣልያኖች የወረሷቸው ቃላት የሚያሳዩት መልካም ብልሃት አለ፤ ፓራፋንጎ ጭቃን የሚመልስ፣ ፓራብሬዛም ነፋሻ አየርን የሚመልስ ማለት ሲሆን፣ መመለሱን የሚናገረው ክፍል ከፊት፣ የሚመለሰው ነገር ከኋላ ይቀመጣል። ግእዝም ይህንኑ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ከሣቴ ብርሃን፣ ሰባኬ ወንጌል፣ ገባሬ ሠናይ የምንላቸው ሁሉ የዚሁ ዘር ናቸው። ከለከለ፣ አገደ ማለት ከሆነው ‹ከልአ› ከሚለው ግስ ‹ከላኢ› ይወጣል፤ ሲናበብም ‹ከላኤ ነፋስ› ይሆናል፤ ለብዙ ሲነገር ‹ከላእያነ ነፋስ› ማለት ይቻላል፣ ምንም እንኳ በገበያ መካከል ይህን የሚል ሰው ቢያስቅ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ፣ ግሱን ለሚሻ ሰው መንገዱ ቅርብ ነው። ለጽሕፈትና ለትምህርት ይህንን እመርጣለሁ፤ ለዕለት ንግግር ግን ‹የዝናብ ልብስ› በሚለው አምሳል ‹የነፋስ ልብስ› ቢባል አድማጭ ሁሉ ወዲያው ይረዳዋል።

በሰልባጅ ተራ ከተከመረው ልብስ መካከል ደኅና ከላኤ ነፋስ መለየት የጽሑፉን ቋንቋ ማወቅ አይጠይቅም። ጨርቁን በአፍ ላይ ገጥሞ፣ መዳፍን ከወዲያ አድርጎ አጥብቆ መንፋት ነው፤ ትንፋሹ እንደ ልብ አልፎ መዳፍን ከነካ ልብሱ ለሌላ ነገር እንጂ ለሞተር አይሆንም። ደረቱ ከነፋስ የተከለለ፣ ጀርባው ግን ላላ ያለ ጨርቅ የሆነ ከተገኘ ለሞተረኛ እንደ ተሰፋ ይቆጠር፤ ነፋሱ የሚመጣው ከፊት፣ ላቡ የሚወርደው ከኋላ ነውና። እጅጌ የሌለው ሰደርያም ቢሆን ደረትን ከሸፈነ ብዙ ይጠቅማል። ዚፑ ከውስጥ በኩል የጨርቅ ክዳን ሊኖረው ይገባል፤ ያለዚያ ነፋሱ በጥርሱ መካከል ገብቶ እንደ ቀጭን ስለት ከአንገት እስከ እምብርት ይወርዳል። አንገቱ ቆሞ የሚዘጋ፣ የእጁ ጫፍ ከጓንት ሥር የሚገባ፣ የኋላው ዘርፍ አጎንብሶ ለሚነዳ ሰው ወገብን የማይገልጥ ይሁን፤ ቆብ ያለው ግን በራስ ቁር ሥር እየተጠቀለለ አንገትን ያስጨንቃልና ይቅር። ልኩም ሹራቡን ሳይጨፈልቅ የሚያቅፍ ይሁን፤ ከጠበበ በሹራቡ ውስጥ ያለውን አየር ያስወጣዋል፣ ከሰፋም በጃኬቱ ሥር ይከማቻል።

አንድ ነገር ግን ከምቾት በላይ ነው። ናይለንና ፖሊስተር በአስፋልት ላይ ሲፈጉ በሚነሣው ትኩሳት ይቀልጣሉ፤ ቀልጠውም ከቆዳ ጋር ይጣበቃሉ። ስለዚህ ከላኤ ነፋስን በባዶ ገላ ላይ መልበስ አይገባም፤ ከሥሩ የጥጥ ወይም የበግ ጠጉር ልብስ፣ ከላዩም መውደቅን የሚችል ወፍራም ጃኬት ይኑር። ስስ ልብሱ ብቻውን የነፋስ እንጂ የአደጋ ጋሻ አይደለም፤ ሽያጩን የሚያሳምር ነጋዴ ሌላ ቢናገርም አይታመን።

ሲታጠብም ለብ ባለ ውኃ በጥቂት ሳሙና ታሽቶ፣ ሳሙናው ፈጽሞ እስኪለቅ ደጋግሞ ይለቅለቅ፤ የቀረ ኦሞ ስስ ሽፋን ባለው ልብስ ቀዳዳዎች ውስጥ እየገባ እንፋሎቱን ይዘጋበታል። ካውያ አይነካው፤ ተሰቅሎ በጥላ ይድረቅ።