የወንጂ ምድር በሌዘር ሲለካ

ወንጂ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ስኳር ነው። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1954 ካቆመ ወዲህ የአካባቢው ኑሮ ከሸንኮራ ጋር ተሳስሯል። የጂኦሎጂ ምሁራን ግን የቦታውን ስም የሚያነሱት በሌላ ምክንያት ነው። በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የተሰለፉት ወጣት ስንጥቆችና እሳተ ገሞራዎች በዓለም የሚታወቁት «የወንጂ የስንጥቅ ቀበቶ» ተብለው ነው።

ስያሜው የፖል ሞር ነው። አዲስ አበባ ላይ ያስተምሩ የነበሩት እኚህ ጂኦሎጂስት ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ምድር መጽሐፍ ጽፈዋል፤ በኋላም በአሜሪካው ስሚዝሶኒያን የአስትሮፊዚክስ ተቋም ሠርተዋል። ተቋሙ በደብረ ዘይት ሳተላይቶችን የሚከታተል ካሜራ ነበረው። ሰማይ የሚያይ ተቋም መሬት ለመለካት ገንዘብና መሣሪያ ማዋሉ ዛሬም የሚያስመሰግነው ነው።

ልኬታው በ1969 ተጀመረ። ከአንድ ከፍታ ላይ የተላከ የሌዘር ጨረር ማዶ ከተተከለ መስታወት ነጥሮ ይመለሳል፤ ደርሶ በተመለሰበት ጊዜም ርቀቱ ይታወቃል። ያው ርቀት ከዓመታት በኋላ እንደገና ሲለካ ምድሪቱ ተንቀሳቅሳ እንደሆነ ይታያል። እስከ 1997 የተሰበሰበው የሌዘርና የጂፒኤስ ልኬት በ1999 ሲታተም፣ ሰሜናዊው የኢትዮጵያ ስምጥ በዓመት 4.5 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚሰፋ አሳየ። በ28 ዓመት ሲሰላ ስንዝር እንኳ አይሞላም። ከጥናቱ ባለቤቶች መካከል ሞር ራሳቸው፣ ላእከ ማርያም አስፋውና ሳምሶን ተስፋዬ ይገኙበታል።

የእኛ ስምጥ ለሌላ ዓለምም መነጽር ሆኗል። የማጄላን መንኩራኩር በራዳር ያነሳውን፣ ቬነስ ላይ ያለውን የዴቫና ስምጥ ተመራማሪዎች የሚያነጻጽሩት ከምሥራቅ አፍሪካው ጋር ነው። የአዳማ ተማሪ ይህን በትምህርት ቤቱ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ሊማረው ይገባል። ከደጁ የተገኘ እውቀት ነውና በእንግሊዝኛ መጽሔት ብቻ ተዘግቶ መቅረት የለበትም።

የማስረዳቱ ነገር በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ የሕይወት ጉዳይ ሆነ። በፈንታሌና በዶፋን አካባቢ መሬት ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ፤ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ተወዛወዘ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሱ። የራዳር ሳተላይቶች ቅልጥ አለት ከምድር በታች ሰንጥቆ መግባቱን አሳዩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የጠፈር ሳይንስና የአስትሮኖሚ ተቋም ባልደረባ የሆኑት ፕሮፌሰር አታላይ አየለም በየመገናኛ ብዙኃኑ እየቀረቡ፣ ከሥር ምን እየሆነ እንዳለ ለሕዝቡ አስረዱ።