የፎቶግራፍ ጭምብል ታሪክ፤ ከጨለማ ክፍል እስከ ኮምፒዩተር

የታሪክ ተማሪዎች የጽሑፍ ማስረጃ ስንመረምር ማን ጻፈው፥ መቼ ጻፈው፥ ምን ሠረዘ፥ ምንስ ጨመረ ብለን እንጠይቃለን። ፎቶግራፍ ሲቀርብልን ግን ብዙውን ጊዜ ሳንጠይቅ እንቀበለዋለን። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ የፎቶግራፍን አንዱን ክፍል ከልሎ ሌላውን ብቻ የመለወጥን ዘዴ ታሪክ እንመረምራለን። ይህ ዘዴ በኮምፒዩተር ሠራተኞች ዘንድ «ማስክ» ይባላል፤ እኛ «ጭምብል» ብለነዋል። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የጭምብል መነሻ ሰውን ለማታለል መፈለግ ሳይሆን የመሣሪያው ጉድለት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ይሠራበት የነበረው የመስተዋት ኔጋቲቭ ሰማያዊ ብርሃንን ከሌላው ቀለም ይልቅ ፈጥኖ ይቀበል ነበር። በዚህም ምክንያት ምድሩ ወይም ባሕሩ በደንብ ሲወጣ ሰማዩ ደመና የሌለበት ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በ1856 እና በ1857 ካነሣቸው የባሕር ፎቶግራፎች በአንዳንዶቹ ለዚህ ችግር መፍትሔ አገኘ፤ ይኸውም ለሰማዩ አንድ፥ ለባሕሩ ሌላ ኔጋቲቭ ወስዶ፥ አንዱን ሲያትም የሌላውን ቦታ እየከለለ ሁለቱን በአድማሱ መስመር ላይ ማጋጠም ነው። በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ኦስካር ሬይላንደርም በ1857 «ሁለቱ የሕይወት መንገዶች» የተባለውን ሥራውን ከ30 በሚበልጡ ኔጋቲቮች አጋጥሞ አወጣ። እንግዲህ የለ ግሬ ተመልካች የሚያየው ሰማይም ባሕርም እውነተኛ ናቸው፤ ሁለቱ አብረው የታዩበት ቅጽበት ግን አልነበረም።

በጨለማ ክፍል የሚሠሩ ፎቶግራፍ አንሺዎችም በብርሃኑና በወረቀቱ መካከል እጃቸውን ወይም ቁራጭ ካርቶን በመያዝ አንዱን ቦታ ያፈኩ፥ ሌላውን ያጠቁሩ ነበር። የከለላው ጠርዝ እንዳይታወቅ እጃቸውን ሳያቋርጡ ያንቀሳቅሱታል። በማተሚያ ቤት ደግሞ ቀይ ስስ ፊልም በምላጭ እየተቈረጠ እንደ ጭምብል ያገለግል ነበር፤ የማተሚያው ፊልም ቀይ ብርሃን ስለማይሰማው ቀዩ ለእርሱ እንደ ጥቁር ሲሆን፥ ሠራተኛው ግን በውስጡ አሳልፎ ሥዕሉን ያያል።

ቶማስና ጆን ኖል የተባሉት አሜሪካውያን ወንድማማቾች የሠሩት ፎቶሾፕ በአዶቤ ኩባንያ በ1990 ለገበያ ሲቀርብ ይህ ልማድ ወደ ኮምፒዩተር ተሻገረ። በ1994 በወጣው 3ኛው እትም ሥዕልን በንብርብር መሥራት ተቻለ። በንብርብሩ ላይ የሚደረገው ጭምብል ራሱ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነው፤ ነጩ የንብርብሩን ለውጥ ይገልጣል፥ ጥቁሩ ይሰውራል፥ ግራጫው እንደ መጠኑ በከፊል ያሳልፋል። በተለመደው አሠራር ከጥቁር እስከ ነጭ 256 ደረጃዎች አሉ። በፕሮግራሙ ውስጥ የተከለለው ቦታ በቀይ ቀለም መታየቱም የማተሚያ ቤቱን ቀይ ፊልም ያስታውሰናል።

ነገሩ ለታሪክ ለምን ይጠቅማል? በ1937 በሞስኮና ቮልጋ ቦይ ዳር ከስታሊን ጎን ቆሞ ፎቶግራፍ የተነሣው ኒኮላይ ዬዦቭ በ1940 ከተገደለ በኋላ ከሥዕሉ ወጥቶ በቦታው የቦዩ ውሃ ተተካ። ይህ ከኮምፒዩተር ዘመን በፊት በእጅ የተሠራ ነው፤ መርሑ ግን አንድ ነው። ሐሰቱን ያሳመነው የተለወጠው ክፍል ሳይሆን፥ ሳይነካ የቀረው የስታሊን መልክና የቦዩ ዳር ነው። ያልተነካው ለተነካው ምስክር ይሆናል። በጥላ ውስጥ የቀረን ፊት ለማፍካት የሚያገለግለው ጭምብል፥ ሰውን ከታሪክ ለማውጣትም ያገለግላል።

ሆኖም አንድ ልዩነት አስተውለናል። በጨለማ ክፍል የእጅ ጥላ ከሥራው ጋር ያልፋል፤ የኮምፒዩተሩ ጭምብል ግን በሥራው ፋይል ውስጥ ተጠብቆ ሊቈይ ስለሚችል፥ የት እንደ ተነካ ራሱ ይመሰክራል። ንብርብሮቹ ተዋሕደው ለኅትመት በሚላከው ሥዕል ላይ ግን ይህ ምስክር ይጠፋል። ስለዚህ ቤተ መዛግብት ፎቶግራፍ ሲረከቡ የታተመውን ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያውንና የሥራውን ፋይል አብረው እንዲጠይቁ፥ እኛም ተማሪዎች ፎቶግራፍን በማስረጃነት ስንጠቅስ ምን ተከልሎ ምን እንደ ተለወጠ አስቀድመን እንድንመረምር ያስፈልጋል እንላለን።