በረካው የማን ነው?

ስለ ወሎ ሲነሳ አንድ የማያረጅ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ወሎ የመቻቻል ተምሳሌት ነው»። ቴሌቪዥኑ ይለዋል፤ በየስብሰባው መክፈቻ ይባላል፤ እኛም የወልድያ ወይም የመርሳ ልጅ ሲያጋጥመን ሳናስበው እንለዋለን። ዓረፍተ ነገሩ ግን ነገሩን ያሳንሰዋል። መቻል ማለት እኮ ያልወደዱትን ታግሶ ዝም ማለት ነው። ከወልድያ እስከ መርሳና ሐራ ባለው የየጁ ምድር፣ በሌላውም ወሎ የኖረው ልማድ ከዚህ ይሰፋል። ሁለት ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች አንድ ደጅ ላይ ቆመው፣ አንድ ስም ጠርተው፣ ሁሉም እንደየእምነቱ ለምኗል። ይህ እንዴት ተቻለ? ማንስ አወከው? ለዛሬ የመረጥነው ታሪክ ይኸው ነው።

ከቡናው እንጀምር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን የምንጠጣው ሁላችንም ነን። «በረካ» ግን የዓረብኛ ቃል ነው፤ በረከት ማለት ነው። ቡና ራሱ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ የሙስሊም መጠጥ እየተባለ በብዙ ክርስቲያኖች ዘንድ ይወገዝ ነበር። ዛሬ ሦስተኛዋን ስኒ ሳይጠጣ የሚነሳ ክርስቲያን «በረካውን ጥለህ የት ትሄዳለህ?» ይባላል። የትናንቱ ውግዝ የዛሬው በረከት ሆኗል ማለት ነው።

በወሎ ቡናው ከጸሎት ጋር ይገናኛል። ዝናብ ሲጠፋ፣ በሽታ ሲገባ፣ ሰው ሲጨነቅ ወዳጃ ይቀመጣሉ። ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ጫት ይቀርባል፤ አዛውንቱ ይመርቃሉ፣ ተሰብሳቢው ይቀበላል። ቃሉ ከኦሮምኛ የመጣ ነው፤ ሥርዓቱም በሙስሊሙ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና በ1993 ዓ.ም. መጽሐፍ ያሳተሙት የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አህመድ ወዳጃን እንደ ጋራ ጸሎት አንስተውታል። ክርስቲያን ጎረቤትም ሲቀመጥ ምርቃቱ ያው ነው፤ አንዱ «አሚን» ይላል፣ አንዱ «አሜን»። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። ሁለቱም ግን ለማን እንደሚሉት ያውቃሉ።

ማርያምን ተመልከቱ። ለኦርቶዶክሱ ወላዲተ አምላክ ናት፣ ታማልዳለች። ለሙስሊሙ የነቢዩ ዒሳ እናት፣ የተመረጠች ንጽሕት ሴት ናት፤ ቁርኣን በስሟ የሚጠራት ብቸኛ ሴት እሷ ስትሆን 19ኛው ምዕራፍ በስሟ ተሰይሟል። ከዚህ ሥር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። በኦሮሞ የቆየ ልማድ የሴቶችና የወሊድ መንፈስ የሆነችው አቴቴ አለች፤ ጨሌዋ ከእናት ለልጅ ይተላለፋል። በአንዳንድ የኦሮሞ አካባቢዎች፣ በሙስሊሞችም ዘንድ ሳይቀር፣ «ማራም» የሚባል ስም ለዚሁ ጉዳይ ይጠራል፤ አጥኚዎች ስሙን ከማርያም ጋር ያያይዙታል። ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ የሚጠራ አንድ ስም፣ ከጀርባው ሦስት ታሪክ!

ቁልቢም እንዲሁ ነው። ታኅሣሥ 19 ራስ መኮንን ወዳሠሩት ቤተ ክርስቲያን ስለት ይዞ ከሚጎርፈው ሕዝብ መካከል ሙስሊሞች አሉ። ክርስቲያኑ ሊቀ መላእክቱን ገብርኤልን ይለምናል። ሙስሊሙ ጅብሪልን ያውቀዋል፤ ቁርኣንን ለነቢዩ ያወረደው መልአክ ነው። ሥዕሉ አንድ፣ ደጁ አንድ፣ በልብ ያለው ትርጉም ግን ሁለት።

ይህ የእኛ ብቻ አይምሰላችሁ። ሕንድ አገር፣ ባዳሚ በሚባል ቦታ፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከአለት በተፈለፈለ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሐሪሐራ የሚባል ምስል ቆሟል፤ ቀኝ ግማሹ ሺቫ፣ ግራ ግማሹ ቪሽኑ ነው። የሺቫ ተከታይም የቪሽኑ ተከታይም አምላኩን እዚያው ምስል ላይ ያገኛል። ፑሪ በተባለችው ከተማ ደግሞ ለጃጋናት የቀረበው ምግብ ቅዱስ የሚባለው እዚያው ግቢ ላለችው ለቪማላ እንስት አምላክ ከቀረበ በኋላ ነው። አንዱ አማልክት ሌላኛዋን ሳያልፍ መባው አይሞላም። በእርግጥ የእኛዎቹ ሁለት ሃይማኖቶች በአንድ አምላክ ያምናሉ፤ ነገሩ አንድ አይደለም። ጥበቡ ግን ይቀራረባል፤ ደጁን ተጋራ፣ ልብህን ያዝ።

ጥቅሙስ? አንዱ ፍትሕ ነው። በወሎ የኦሮሞ ዞን ጥሩ ሲና የሚባል የሱፊ መካነ ቅዱስ አለ። ተመራማሪዋ ሜሮን ዘለቀ በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው ሙስሊምም ክርስቲያንም ክሱን ይዞ እዚያ ይሄዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መሐላ የሚያስረው ሁለቱ ባላጋራዎች እኩል የሚፈሩት ቦታ ሲኖር ነው። የምትፈራውን እኔ ካልፈራሁ በምን አምነህ ከእኔ ጋር ትታረቃለህ?

ታዲያ ማን አወከው? ከላይ የመጣ ትእዛዝ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። ጉባኤው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የእምነት ክርክር ዘጋ፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል፣ ኢማም አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተባሉ። እነ ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር አሻፈረኝ ብለው ተዋጉ፣ ሌላው ተሰደደ፣ ሌላው ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ልዩነቱን ልብ በሉ። በወዳጃ የተቀመጠ ክርስቲያን ወዶ ነው፤ ቦሩ ሜዳ የተጠመቀው ግን ተገዶ። መጋራትና መደበቅ ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ አንዱ የእምነት ስፋት ነው፣ ሌላው የፍርሃት።

የሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ ከዚህ የወጣ ነው። በአባቱ የወሎ ኢማሞች ዘር፣ በእናቱ የምኒልክ የልጅ ልጅ። ከሙስሊሞች ጋር መቀራረቡ፣ መስጊድ መግባቱ ክስ ሆነበትና መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረደ። ከወር በኋላ ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ተሸነፉ። ኢያሱን ያወረደው የሥልጣን ሽኩቻም እንደሆነ እናውቃለን። ክሱ ግን የተመረጠው ስለሚሠራ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ሁለት ደጅ የሚያውቅ ሰው አያምንም ነበር።

ዛሬ ደጁን ለመዝጋት አዋጅ አላስፈለገም። በአንዱ ወገን ወዳጃ «ቢድዓ»፣ የቅዱሳን መቃብር መዘየር «ሽርክ» ይባላል። በሌላው ወገን ጨሌው «ባዕድ አምልኮ» ነው። ሰባኪዎቹን በባዶ አንነሳባቸውም፤ ሃይማኖት ወሰን አለው፣ ወሰኑን መጠበቅም የእነሱ ሥራ ነው። እኛን የሚከነክነን የራሳችን የከተሜዎቹ ነገር ነው። ጠዋት «ወሎ የመቻቻል ተምሳሌት» ብለን እንለጥፋለን፣ ማታ ያንን ሕዝብ ያኖረውን ልማድ «ኋላ ቀር» ብለን እንስቃለን። ፍሬውን እየበላን ግንዱን መቁረጥ ይሉሃል ይህ ነው።

ጨሌ እንሰር፣ ጫት እንቃም አላልንም። ያልነው አንድ ነገር ነው። እነዚያ አዛውንቶች ሃይማኖታቸው የተምታታባቸው ሰዎች አልነበሩም። የጎረቤታቸውን እምነት «አሜን» የሚሉበትንና ዝም የሚሉበትን ቦታ ለይተው እስኪያውቁ ድረስ ያውቁት ነበር። እኛ ስለ ጎረቤታችን እምነት ይህን ያህል እናውቃለን ወይ?