የብር ኤሌክትሮድ ጽዳትና አያያዝ

የብር ኤሌክትሮድ ኮሎይዳል ብር የሚባለውን ፈሳሽ በቤት ውስጥ የሚያዘጋጁ ሰዎች የሚጠቀሙበት የብር ዘንግ ወይም ሽቦ ነው። ሁለት ዘንጎች ሳይነካኩ በዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ይቆሙና አንዱ ከባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ከነጌቲቭ ጋር ይያያዛል። ባለ 9 ቮልት ባትሪ ሦስቱን ቀጣጥሎ 27 ቮልት ማግኘት የተለመደ ነው። ከፖዘቲቩ ዘንግ፣ ማለትም ከአኖዱ፣ ብር በአዮን መልክ እየተላቀቀ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ በነጌቲቩ ዘንግ፣ ማለትም በካቶዱ፣ በኩል የሃይድሮጅን አረፋ ይወጣል። በፋራዳይ ሕግ ስሌት 1 ሚሊአምፔር ኤሌክትሪክ በ1 ሰዓት ውስጥ 4 ሚሊግራም ያህል ብር ስለሚያላቅቅ አኖዱ ቀስ በቀስ እየቀጠነ ይሄዳል።

ሥራው ሲያልቅ ሁለቱም ዘንጎች ይቆሽሻሉ፤ ቆሻሻቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አኖዱን የሚያጠቁረው በአብዛኛው የብር ኦክሳይድ ነው። በካቶዱ ላይ ደግሞ ከውሃው ተመልሶ የረጋ ደቃቅ ብር እንደ ሽበት ተንጨባሮ ይንጠለጠላል። ይህ ካልተጠረገ እየረዘመ አኖዱን ይነካና ሾርት ይፈጥራል፤ ወይም እየረገፈ ፈሳሹን በትልልቅ ቅንጣት ያደፈርሰዋል።

ለማጽዳት መጀመሪያ ባትሪው ይነቀላል። ሽፋኑ ከደረቀ በኋላ ስለሚጠነክር ዘንጉን ገና እርጥብ ሳለ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል። እምቢ ያለውን በናይሎን የዕቃ ማጠቢያ አሸት አሸት አድርጎ በዲስቲልድ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል። የብረት ሽቦ መፈግፈጊያ የብረት ብናኝ ይተዋል፤ የጌጣጌጥ መወልወያ ደግሞ ኬሚካሉን። በጨውና በሎሚ ማሸትም አይመከርም፤ የጨው ርዝራዥ ከብሩ ጋር ተዋህዶ ነጭ ደመና የሚመስል ብር ክሎራይድ ይፈጥራልና። የቧንቧ ውሃ የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፖዘቲቩንና ነጌቲቩን በየጊዜው ማቀያየር ሁለቱ ዘንጎች እኩል እንዲያልቁ ይረዳል።

በተቀመጠበት የሚጠቁር ዘንግ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ከአየር ወይም ከጎማ የመጣ ድኝ ብር ሰልፋይድ ሆኖበታል። በአሉሚኒየም ፎይል ላይ አስቀምጦ ቤኪንግ ሶዳ የተጨመረበት ሙቅ ውሃ ቢያፈሱበት ድኙ ወደ አሉሚኒየሙ ይሄዳል፤ ከዚያ በደንብ ይለቀለቃል። ዘንጎቹ ደርቀው በተዘጋ ፕላስቲክ ይቀመጡ፤ በጎማ አይታሰሩ።

ብሩ ራሱ ንጹሕ ካልሆነ ግን ማጽዳት ከንቱ ድካም ነው። ለኤሌክትሮድ የሚውለው ባለ 99.9 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ጥራት ያለው ብር ነው። በአገራችን በአንዳንድ ቤት የሚገኘው የማርያ ትሬዛ ብር 83.3 በመቶ ብቻ ብር ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። እሱን በማቅለጥ የተሠሩ መስቀሎችና ጌጦችም ያንኑ መዳብ ወደ ውሃው ይለቃሉ።

ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው፣ የቱንም ያህል የጸዳ ኤሌክትሮድ ፈሳሹን መድኃኒት አያደርገውም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1999 ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የኮሎይዳል ብር መድኃኒቶች ደኅንነታቸውም ሆነ ፈዋሽነታቸው ተቀባይነት እንደሌለው ወስኗል። ብር በሰውነት ውስጥ ሲከማች አርጂሪያ የሚባለውን፣ ቆዳን ወደ ሰማያዊና ግራጫ የሚለውጠውን ሕመም ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 ለአሜሪካ ሴኔት በሞንታና የተወዳደረው ስታን ጆንስ በቤቱ ያዘጋጀውን ሲጠጣ ቆይቶ ቆዳው ሰማያዊ ሆኗል። ይህ ለውጥ አይለቅምና ፈሳሹን አትጠጡ፤ ለልጆችም አትስጡ።